የመጨረሻዋን ጎጆ ማን ይቀሰቅሳታል?

(ጥልቅ ጉድጓድ ለሚቆፈርባቸው አካባቢዎች የወረዳና የቀበሌ ተወካዮች፣ የጤና ባለሙያዎችና የቁፋሮ ሠራተኞች በተገኙበት የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የአገር ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የወረዳና የቀበሌ አመራሮች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ከሪግ (ከቁፋሮው መሣሪያ) የመጣችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ! ሌሊት ተነስታችሁ በእግርም በጭነት መኪናም ለመጣችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የማነሳው አንድ ጥያቄ ነው። በመንደር አጠገብ የሚቆፈር ጉድጓድ በሌሊት ከቁጥጥር ቢወጣ፣ ከሁሉም ርቃ ከወንዙ ማዶ ያለችው ጎጆ በስንት ደቂቃ ትሰማለች? ማነው ሄዶ በሯን የሚያንኳኳው? ይህን የማይመልስ የአደጋ ዕቅድ ሁለት መቶ ገጽ ቢሆን ዕቅድ አይባልም። መጀመሪያ ጉድጓድ እንዴት እንደሚያመልጥ፣ ቀጥሎ የጋዙን ጠባይ፣ ከዚያ ሥራችን ምን እንደሆነ እናገራለሁ። ሦስተኛው ላይ እቆያለሁ፤ ዛሬ የተጠራነውም ለእሱ ነው።

አስቀድሜ ግን አንድ ሌሊት ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 23 ቀን 2003 ነው። በቻይና፣ በቾንግቺንግ ሥር ባለችው የካይ አውራጃ፣ ጋኦቺያኦ በምትባል ተራራማ የገጠር ከተማ አጠገብ የጋዝ ጉድጓድ ይቆፈር ነበር። ሠራተኞቹ የቁፋሮውን ቧንቧ ከጉድጓዱ እያወጡ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ጉድጓዱ ፈነዳ። የወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝ የተቀላቀለበት ነበር። ገበሬው እራቱን በልቶ ተኝቷል። ጋዙ ቁልቁል ወደ ሸለቆው ወረደ። 243 ሰዎች ሞቱ። ከ60 ሺህ በላይ ሰዎች ከቀያቸው ወጡ። ከሞቱት አንዳንዱ በአልጋው ላይ፣ አንዳንዱ በመንገድ ላይ ቀረ።

ለምን ሆነ? ምርመራው ያገኛቸው ጥፋቶች እያንዳንዳቸው ትንሽ የሚመስሉ ናቸው። ቧንቧውን ማውጣት ከመጀመራቸው በፊት የታችኛውን ግፊት አፍኖ እንዲይዝ በጉድጓዱ ውስጥ የሚሞላውን ጭቃ ማዘዋወር የሚገባቸውን ያህል አላዘዋወሩም። እያወጡም ጭቃውን በወቅቱ አልሞሉም። ከታች የሚመጣ ግፊት በቧንቧው ውስጥ ሽቅብ እንዳይወጣ የሚከለክለው ቫልቭ ከቧንቧው ላይ ተነስቶ ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ጋዙን በእሳት ለማቃጠል የተወሰነው ዘግይቶ፣ 18 ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላ ነው። በዚያ ሁሉ ሰዓት መርዙ ሳይቃጠል ሸለቆውን ሲሞላ ቆየ። መንደሩስ? አጠገቡ የሚቆፈረው ምን እንደሆነ፣ ሲሸተው ወዴት እንደሚሸሽ የነገረው ሰው አልነበረም።

አሁን ይህን ልብ በሉልኝ። በዚያው አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2006፣ ሌላ ጉድጓድ ጋዝ አፈሰሰ። ከ10 ሺህ በላይ ሰው ከቤቱ ወጣ። የሞተ ሰው አልነበረም። አገሩ ያው አገር፣ ጋዙም ያው ጋዝ ነው። በዚህኛው ጊዜ ሕዝቡ በጊዜ ተነገረው፣ በጊዜ ወጣ።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ጉድጓድ እንዴት ያመልጣል? ከመሬት በታች ያለው ጋዝ፣ ውሃ ወይም እንፋሎት በግፊት ላይ ነው። እሱን አፍኖ የሚይዘው በጉድጓዱ ውስጥ የሞላው የጭቃ ክብደት ነው። ከውሃ 1.2 እጥፍ የሚከብድ ጭቃ 2,000 ሜትር ጉድጓድ ቢሞላ፣ ከታች 235 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ይጫናል። የጭነት መኪና ጎማ 8 ባር ገደማ እንደሆነ አስቡ። ይህ ክዳን ከቀለለ ወይም ከጎደለ ከታች ያለው ይገፋል።

ቧንቧ ስታወጡ ክዳኑ ይጎድላል። ብረቱ ወጥቶ የነበረበት ቦታ ባዶ ይቀራልና። አምስት ኢንች ቧንቧ በሦስት በሦስት ተገጣጥሞ ሲወጣ፣ አንዱ ምዝዝ ወደ 28 ሜትር ርዝመት አለው፤ የብረቱ መጠን 110 ሊትር ገደማ ነው። ሦስት ምዝዝ ካወጣችሁ 330 ሊትር ጭቃ መልሳችሁ ትሞላላችሁ። ጉድጓዱ 330 ሊትር ሲገባው 200 ብቻ ከተቀበለ፣ ቀሪውን 130 ሊትር ቦታ ማን ያዘው? ከታች የገባ እንግዳ ነው የያዘው። ሥራውን አቁሙ። ፓምፑ ቆሞ ጉድጓዱ እየፈሰሰ ከሆነ፣ የጭቃው ገንዳ ያለ ምክንያት ከሞላ፣ ዝጉ። መጀመሪያ ዝጉ፣ ከዚያ ጠይቁ። አለቃ እስኪመጣ የሚጠብቅ ድሪለር (ቁፋሮውን የሚመራ ሠራተኛ) ጉድጓዱን አሳልፎ ሰጥቷል።

የከርሰ ምድር እንፋሎት ጉድጓድ ትንሽ ይለያል። በአገራችን በአሉቶ ላንጋኖ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ 8 ጉድጓዶች ተቆፍረዋል፤ በቱሉ ሞዬም በተንዳሆም ተቆፍሯል። እዚያ ድንጋዩ ስንጥቅ ስለሚበዛበት የሚወርደው ውሃ ወደ ዓለቱ ይጠፋል። ክዳኑ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ውሃው ከተቋረጠ ጉድጓዱ ይሞቃል፣ የቀረው ውሃ በአንዴ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፣ ጉድጓዱ ይተፋል። ስለዚህ በእንፋሎት ጉድጓድ ላይ ዋናው የአደጋ መከላከያ የሞላ ኩሬና ሁለተኛ ፓምፕ ነው። በደቂቃ 2,000 ሊትር የሚጠጣ ጉድጓድ 1,000 ሜትር ኩብ ኩሬ በ8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ውስጥ ያደርቀዋል። ኩሬውን የሚሞላው ፓምፕ ደግሞ ወንዝ ዳር ወይም ሐይቅ ዳር ነው ያለው፤ በሌሊት ናፍጣው ሲያልቅ የሚያየው የለም። ኩባንያዎች፣ እዚያ ፓምፕ ላይ ሌሊቱን የሚያድር ሰው መድቡ፣ ሬዲዮ ስጡት። ዝርዝር ነገር አይምሰላችሁ።

ሁለተኛው ነጥብ የጋዙ ጠባይ ነው። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከአየር ይከብዳል። ሽቅብ በትኖ አይጠፋም፤ እንደ ጎርፍ ዝቅታውን ፈልጎ ይወርዳል። በእንፋሎት ጉድጓድ የሚበዛው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከአየር ይከብዳል፤ እሱ ደግሞ ጭራሽ አይሸትም። በካሜሩን የኒዮስ ሐይቅ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን 1986 ማታ የተከማቸ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአንዴ ሲያወጣ፣ ጋዙ ሸለቆውን ተከትሎ ወርዶ ወደ 1,700 ሰዎችና ከ3,000 በላይ ከብቶች ገድሏል። እዚያ ቁፋሮ አልነበረም፤ ተፈጥሮ ነው። ከባድ ጋዝ በሸለቆ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ግን ከዚያ የበለጠ አስተማሪ የለም።

ስለ ሽታው። የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ በጣም ትንሽ ሲሆንም አፍንጫ ያውቀዋል። ወደ 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ አየር መቶው እጅ ጋዝ) ሲደርስ ግን በደቂቃዎች ውስጥ አፍንጫን ያደነዝዛል። ሰውየው «ሽታው ጠፋ፣ አልፏል» ይላል። አላለፈም! ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። እደግመዋለሁ፦ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ከ500 ፒፒኤም በላይ ሰው በደቂቃዎች ይወድቃል፤ ወደ 1,000 ሲጠጋ አንድ ሁለት ትንፋሽ ይበቃል። በስምጥ ሸለቆ የምትኖሩ ደግሞ ሌላ ችግር አለባችሁ። ፍልውሃ ዳር አድጋችኋል። በአፋርም ከመሬት የሚወጣውን እንፋሎት አቀዝቅዘው ውሃ የሚቀዱ አርብቶ አደሮች አሉ። ሽታው ለእናንተ እንግዳ አይደለም፣ አያስደነግጣችሁም። ስለዚህ «ሲሸታችሁ ሽሹ» የሚለው ምክር ለእናንተ አይበቃም። የመሣሪያና የጥሪ ምልክት ያስፈልጋችኋል።

እንግዲህ ወደ ሦስተኛው። ሥራችን ምንድነው?

ሒሳቡን እንሥራ። ጭስን ዘንበል የሚያደርግ ቀላል ነፋስ በሰከንድ 2 ሜትር ይሄዳል። አንድ ኪሎ ሜትር በ8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይጨርሳል። ልጅ ያዘለች፣ አሮጊት የምትደግፍ እናት በጨለማ ቁልቁለት በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ብትሄድ አንድ ኪሎ ሜትር 20 ደቂቃ ይፈጅባታል። ከጋዝ ጋር የሩጫ ውድድር አያዋጣም ማለት ነው። የሚያዋጣው ሁለት ነገር ነው፦ ጉድጓዱ ሳያመልጥ፣ ገና ሲጠረጠር መጥራት፤ እና ከነፋሱ መንገድ ወደ ጎን፣ ሽቅብ መውጣት። ነፋሱ ከሚሄድበት አብሮ መሮጥ አይሆንም። ሰው ሲደነግጥ የሚሸሸው በለመደው መንገድ ነው። የለመደው መንገድ ብዙ ጊዜ ወንዝ ተከትሎ ይወርዳል፤ የእኛም እንደዚያው ነው።

«ታዲያ በር ዘግተን ብንቀመጥስ?» ትሉኝ ይሆናል። በካናዳ አልበርታ እንዲህ ያለ ጋዝ ያለበት ጉድጓድ ሲቆፈር፣ ሊወጣ በሚችለው ጋዝ መጠን ተሰልቶ የጥንቃቄ ክልል ይከለላል፣ በክልሉ ያለ ቤት ሁሉ ቁፋሮው ሳይጀመር ይጎበኛል፣ አንዳንዱም ቤቱን ዘግቶ እንዲቆይ ይታቀዳል። የእነሱ ቤት ለብርድ ተብሎ የተደፈነ ነው። የእኛ ጎጆ በሣር ክዳኑም፣ በማገሩም፣ በበሩም ሥር ይተነፍሳል። እርጥብ ጨርቅ በአፍንጫ መያዝም ይህን ጋዝ አያቆምም። ስለዚህ ለእኛ ዋናው ዕቅድ መውጣት ነው። ቤት መዝጋት መንገዱ ለተቆረጠበት ብቻ የሚሆን የመጨረሻ ምርጫ ነው።

ለመውጣት መዝገብ ያስፈልጋል። ቤት በቤት፣ በእግር የተሠራ መዝገብ። የቤቱ ባለቤት፣ ስንት ሰው ያድራል፣ መራመድ የማይችል ማነው፣ ማየት የተሳነው ማነው፣ አራስ አለች ወይ፣ ስልክ አለ ወይ፣ ከሌለ የማን ጎረቤት ይቀሰቅሳል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን ግማሹን አሁኑኑ ያውቁታል፤ የትኛዋ እናት መቼ እንደምትወልድ ሳይቀር። በየወሩ ይታደስ። አርብቶ አደር ባለበት በየሳምንቱ፤ ዛሬ አሥር ቤት የነበረበት ጉብታ ነገ ባዶ ይሆናል፣ ባዶ የነበረው ሸለቆ ውሃ ስላለው ብቻ ይሞላል። የገበያ ቀንም በመዝገቡ ይግባ። ሁለት መቶ ሰው የሚኖርበት መንደር በገበያ ቀን ሁለት ሺህ ሊሆን ይችላል፤ ግማሹም እንግዳ ነው፣ መሰብሰቢያውን አያውቅም። ትምህርት ቤቱም እንዲሁ ቀን ሌላ፣ ሌሊት ሌላ ነው።

ጥሪው በምን ይሁን? የሞባይል ኔትወርክ ላይ ብቻ አትደገፉ። ሳይረን ይኑር፣ በባትሪ የሚሠራ፣ መብራት ሲጠፋ የማይጠፋ። ሳይረን የማይደርስበት ጉብታ ጀርባ ግን ሰው ነው የሚደርሰው። እዚህ ላይ እድሮቻችንን አነሳለሁ። ጡሩንባ ነፊ አላችሁ፤ በየትኛው ጉብታ ላይ ቆሞ ቢነፋ የትኛው መንደር እንደሚሰማ ከማንም መሐንዲስ ይበልጥ ያውቃል። ችግሩ ጡሩንባ ሲሰማ ሰው ሁሉ የሚያስበው ለቅሶ ነው፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ ድምጹ ይመጣል። ወደ ድምጹ መምጣት ደግሞ በእኛ ጉዳይ ሞት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የተለየ አነፋፈስ ተስማሙ፤ ለምሳሌ ሦስት አጭር፣ ዝምታ፣ ሦስት አጭር። ትርጉሙም «ነፋሱን አይተህ ወደ ከፍታ ውጣ» ይሁን። ሕፃናት ሳይቀሩ ይልመዱት። አፋር ላይ ዳጉ አለ፤ ወሬ ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚደርስ ለአፋር የሚያስተምር የለም። የቁፋሮ ባልደረቦቼ፣ ከዚያ ተማሩ። ማስታወቂያውም ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ፣ በአፋርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ይሁን፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ፖስተር ዛፍ ላይ መስቀል አደጋን መከላከል አይደለም።

ሕዝቡ ነፋሱን በምን ያያል? ሪጉ ላይ የነፋስ ከረጢት ይሰቀላል፣ ለሠራተኛው። ለመንደሩም ይሰቀል፤ ከሦስት አቅጣጫ በሚታይ ረጅም እንጨት ላይ ደማቅ ጨርቅ ይበቃል። ለሌሊት አጠገቡ የፀሐይ መብራት ይደረግ። መሰብሰቢያ ቦታ አንድ አይበቃም። ቢያንስ ሁለት፣ ከጉድጓዱ በተለያየ አቅጣጫ፣ ሁለቱም ከፍታ ላይ። አንድ ብቻ ካላችሁ ነፋሱ ወደዚያው የነፈሰ ቀን ሕዝቡን ወደ ጋዙ ትመሩታላችሁ።

መቼ ይጠራ? ይህን ከቁፋሮው በፊት በወረቀት አስፍሩት። ጉድጓዱ ገፍቶ ቢዘጋና ሁሉም በቁጥጥር ሥር ቢሆን እንኳን ለቀበሌው ስልክ ይደወል፣ ዕቃ ያዦችና ሕዝቡን የሚያስወጡት ነቅተው ይጠብቁ። ከቁጥጥር ከወጣ፣ ወይም በግቢው ዳር ያለው መለኪያ 10 ፒፒኤም ካሳየ፣ ሳይረኑ ይነፋ፤ ማንም ፈቃድ አይጠይቅ። መለኪያዎቹ በሪጉ ወለል፣ በጭቃ ገንዳው፣ በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ባለው ሴላር (ዝቅ ብሎ በተቆፈረው ቦታ) ውስጥ ይተከላሉ፤ አንድ ሁለቱ ግን ወደ መንደሩ በሚወርደው ሸለቆ አፍ፣ ከመሬት ግማሽ ሜትር ባልበለጠ ከፍታ ይተከሉ። አቧራና ሙቀት ስለሚያደነዝዛቸው መጠኑ በታወቀ ጋዝ ይፈተኑ። ያልተፈተነ መለኪያ አረንጓዴ መብራቱ ቢበራም አትመኑት።

የጋዝ ጉድጓድ ከሆነ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለ፦ እሳት የመለኮስ ሥልጣን የማነው? በሪጉ ላይ ያለ፣ ሌሊትም ቀንም የሚገኝ፣ የተሰየመ ሰው መሆን አለበት፤ ምክትሉም እንዲሁ። ሪግ በብዙ ሚሊዮን ብር የሚገመት ነውና ማቃጠል ይከብዳል። ያ ክብደት በዚያች ሰዓት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ እንዳይወድቅ፣ በምን ሁኔታ እንደሚለኮስ ባለቤቱ አስቀድሞ ይፈርም። ሲቃጠል የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድም መርዝ ነው፤ ግን ትኩስ ስለሆነ ሽቅብ ይወጣል። የእንፋሎት ጉድጓድ ላይ ይህ አይሠራም፤ እንፋሎት አይነድምና ያለው አማራጭ ሕዝቡን ማራቅና ቀዝቃዛ ውሃ መግፋት ነው።

ስለ ከብት ሳልናገር ብወርድ ዋሽቻለሁ። ገበሬም አርብቶ አደርም ከብቱን ትቶ አይሄድም፤ ሄዶም ይመለሳል። ሲመለስ ነው የሚሞተው። ስለዚህ ጥሪው ሲሰማ የበረቱ በር ይከፈት፣ ጥጃና አህያ ይፈታ፣ አይነዳ። የሞተ ከብት ካሣ በስንት እንደሚታሰብ፣ በስንት ቀን እንደሚከፈል ቁፋሮው ሳይጀመር በሽማግሌ ፊት ተጽፎ ይፈረም። ይህን ወረቀት የያዘ ሰው ወደ ኋላ አይመለስም። የሕይወት ማዳኛ ወረቀት ነው የምላችሁ።

ሌላው የወደቀን ለማንሳት መግባት ነው። አንዱ ዝቅ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል፣ ወንድሙ ይገባል፣ አባቱ ይከተላል። ሦስት ሬሳ። የአየር ሲሊንደር ያልያዘ ማንም አይግባ፤ የያዘም ለብቻው አይግባ፣ ሁለት ሆኖ ይግባ፣ ሦስተኛው ውጭ ገመድ ይያዝ። 30 ደቂቃ የተባለ ሲሊንደር ሰው ተሸክሞ ለሚሮጥ 20 ደቂቃ ቢሆን ነው። የወጣው ሰው ንጹሕ አየርና ኦክስጅን ያስፈልገዋል፤ ዓይኑ በንጹሕ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብ። ጤና ኬላው ኦክስጅን ከሌለው የቅርቡ የት ነው? ስንት ሲሊንደር አለ? አምቡላንሱ በዝናብ ወንዙን ይሻገራል? ዛሬ ጠይቁ።

ስለ ኩሬውም በአጭሩ። የጭቃና የሙቅ ውሃ ኩሬዎች በወፍራም ፕላስቲክ ይነጠፋሉ። ፕላስቲኩ እርጥብ ሲሆን እንደ ሳሙና ያሟልጫል፤ ልጅም ጥጃም ከገባ ዳገቱን መውጣት አይችልም። ዙሪያውን አጥር፣ በየአራቱም ጎን ደግሞ ቋጠሮ ያለው ገመድ እስከ ታች ይውረድ። የገመድ ዋጋ ምንም ያህል አይደለም። ውሃው የሚጠጣ መስሎት የሚመጣ ከብት አለ፤ ለከብቱ ሌላ ገንዳ ካልተሠራለት አጥሩን ይጥሰዋል።

መመለስስ? ሽታው ስለጠፋ አይመለስም። መለኪያ የያዘ ሰው ከፍ ካለው ጀምሮ ቤት በቤት ይወርዳል፤ ዝቅታውን፣ የውሃ ጉድጓዱን፣ የእህል ጉድጓድ ባለበት እሱንም ለክቶ በበሩ ላይ ምልክት ያደርጋል። ምልክት የሌለበት ቤት አይገባም። የሞተ ከብት ይቀበራል፤ ሥጋው ለማንም አይሰጥም።

ይህ ሁሉ በልምምድ ይፈተን። አንዴ በቀን፣ አንዴ በሌሊት፣ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት። በሌሊቱ ልምምድ ሰዓት የሚይዘው ሰው ሪጉ ላይ ሳይሆን የመጨረሻዋ ጎጆ በር ላይ ይቁም። ሳይረኑ ከተነፋበት እስከዚያች ቤት መጨረሻ ሰው መሰብሰቢያው እስኪደርስ ስንት ደቂቃ ሆነ? የተገኘው ቁጥር በቀበሌው ቢሮ ግድግዳ ላይ ይጻፍ። ከበዛ ጠሪ ይጨመር፣ መንገድ ይጠረግ፣ እንደገና ይሞከር።

አሁን ሻይ እንጠጣና ካርታውን መሬት ላይ እንዘረጋለን። ከወንዙ ማዶ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች መጀመሪያ ቅረቡ፤ ቤታችሁን በጣታችሁ አሳዩን፣ ሌሊት የምትሄዱበትን መንገድ አስምሩልን። ከእናንተ ነው የምንጀምረው።